በእንጦጦ ማርያም የተዘረጋው ገበታ

በዛሬ ዘመን ወደ እስፓኝ አገር ከሚሄዱት መንገደኞች አንዳንዶቹ ለንግድ ወይም ለትምህርት ሳይሆን ለመብል ሲሉ ይሄዳሉ። የሚሹትም የየአውራጃውን ምግብ ለመቅመስ፥ የወይን ጠጁን ጣዕም ለመለየትና የአሠራሩን ሙያ በባለሙያዎቹ ወጥ ቤት ቆመው ለመማር ነው። ይኸውም እስፓኝ በአንድ ዘውድ ሥር ብትሆንም ገበታዋ አንድ ሆኖ ስለማያውቅ ነው። በቫለንሲያ ሩዝ በዛፍራን ቢጫ ሆኖ በሰፊ መጥበሻ ይቀርባል፤ በጋሊሲያ የባሕር እንስሳ ይበላል፤ በካስቲልያ የበግ ጠቦት በምድጃ ይጠበሳል፤ በአንዳሉሲያ ደግሞ በሙቀት ወራት ከቲማቲም የተሠራ ሾርባ ሳይሞቅ ይጠጣል። ወይኑም በበቀለበት አገር ስም ይጠራል፤ የሪዮኻ ወይን ስሙ በሕግ የተጠበቀለት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ነው። ስለዚህ የእስፓኝን ገበታ ሊያውቅ የሚወድ ሰው ከአውራጃ ወደ አውራጃ መዞር ግድ ይሆንበታል።

በኢትዮጵያ ግን ነገሩ አንድ ጊዜ በተቃራኒው ሆነ። በላተኛው ወደ አውራጃዎቹ ሳይሄድ አውራጃዎቹ ወደ በላተኛው መጡ። ይህም የሆነው ከጉለሌ በላይ፥ በእንጦጦ ተራራ ራስ ላይ፥ በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት በተከበረ ጊዜ ነው።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ ወይዘሮ ጣይቱ ብጡልም የእቴጌነትን ዘውድ የጫኑት ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በዚህ ግብር ያሳዩት ሙያ ከዘውዱ አስቀድሞ እቴጌነታቸውን የመሰከረ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። አባታቸው ከስሜን መኳንንት ወገን ነበሩ፤ እርሳቸውም በበጌምድርና በጎጃም ኖረው የአገሩን ልማድ አይተው ነበር። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አግብተው ወደ ሸዋ ሲገቡ የሰሜኑን የወጥ ቤት ሙያ ይዘው ገቡ። ሸዋ የራሷ ወጥ ነበራትና ሁለቱ ሙያዎች በእንጦጦ ተገናኙ።

ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉትና በ1959 ዓ.ም. በአማርኛ በታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ የዚህ ግብር ነገር ይገኛል። ለግብሩ የታረደው በሬና ላም፥ በግና ፍየል ከ5 ሺህ ራስ እንደሚበልጥ ይነገራል። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካንም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ፥ ዛሬ በዓለም ሁሉ የኢትዮጵያ ምግብ ተብሎ የሚታወቀው ገበታ የተሰናዳበት ታላቅ ቀን አድርጎ ይቈጥረዋል። ሌላው የዓለም መንግሥት አንድነቱን በሕግና በጦር ሲያጸና ጣይቱ ደግሞ በመሶብ ጀመሩት ማለት ነው፤ ምንም እንኳ ከመሶቡ በስተኋላ ጦሩም የነበረ ቢሆን።

በእውነት ጦሩን መርሳት አይገባም። ሐረር በምኒልክ እጅ የገባችው በ1879 ዓ.ም. ነበር፤ የአርሲም አገር ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ተይዞ ነበር። ማሩ በጉንዶ እየተለካ፥ ቅቤውም በቅል እየታሰረ፥ በሬውም እየተነዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ከገባሩ በግብር ስም እየተሰበሰበ ነው። ግብር የሚለው ቃል ባላገሩ የሚከፍለውንም፥ ንጉሡ የሚያበላውንም በአንድነት መጥራቱ በከንቱ አይደለም። ጉለሌም ራሱ ስሙን ያገኘው በዚያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። ከተማይቱ ሳትቈረቈር አስቀድሞ ሜዳው የዚህ ጎሣ ከብት መሰማሪያ ነበረ፤ ኋላ ግን መሬቱ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ተከፋፈለ።

በቤተ መንግሥት ሥርዓት ሥራው ወጥ ቤት፥ እንጀራ ቤት፥ ጠጅ ቤት እየተባለ የተለየ ነበር፤ ለእያንዳንዱም አዛዥ ነበረው። ከአዛዦቹ በታች ግን እህል ፈጪዎች፥ እንጀራ ጋጋሪዎች፥ ወጥ ሠሪዎች፥ ጠጅ ጣዮች፥ ውሃ ቀጂዎችና እንጨት ለቃሚዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። ለግብሩ የቀረበው እንጀራ ዱቄቱ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በሴት ጉልበት የተፈጨ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች የመኳንንቱን ስም በየማዕረጉ ሲዘረዝሩ የእነዚህን ሴቶች ስም አልጻፉም።

የበርበሬው ሥራ ብቻውን ብዙ ቀን የሚፈጅ ነው። ዛላው በፀሐይ ይደርቃል፤ ፍሬው ይለቀማል፤ በሙቀጫም ይወቀጣል። ከዚያ በኋላ በነጭ ሽንኩርት፥ በዝንጅብል፥ በበሶብላና በጤና አዳም ይደለዝና እንደ ገና ደርቆ ከኮረሪማ፥ ከጥቁርና ከነጭ አዝሙድ፥ ከጨውም ጋር ይፈጫል። ኮረሪማው ከከፋ ወገን፥ ጨዉ በአሞሌ ተቈርጦ ከአፋር በረሃ ይመጣል። እንግዲህ በአንድ ጭልፋ ቀይ ወጥ ውስጥ የስንት አገር ድካም እንዳለ ማየት ይቻላል።

ቀይ ወጥ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የበርበሬ ተክል የአሜሪካ ተወላጅ ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ ለእስፓኝ ነገሥታት ሲል ባሕር ተሻግሮ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1493 ሲመለስ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበረ፤ ከዚያም በመርከብ ነጋዴዎች እጅ ወደ አፍሪካና ወደ ህንድ ተዳረሰ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ሴቶች ወጥ የሚያጣፍጡት በዝንጅብልና በኮረሪማ፥ ከህንድም በሚመጣው ቁንዶ በርበሬ ነበር። በእስፓኝም ያው ተክል ሌላ ሙያ አገኘ፤ በላ ቬራ አውራጃ በባሉጥ እንጨት ጢስ ይደርቃል፥ በሙርሲያ ደግሞ እንደ እኛው አገር በፀሐይ። ስለዚህ የሙርሲያና የማረቆ በርበሬ ሳይተዋወቁ የቀሩ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ከሥጋው ሌላ ስለ ጾሙ ምግብም ማሰብ ያስፈልጋል። ከአራት ቀን የሚበልጥ ግብዣ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሳያገኘው አያልፍምና፥ እንዲህ ያለ ታላቅ ግብር የሚያሰናዳ ወጥ ቤት ሽሮውን፥ ምስሩን፥ የሱፍ ፍትፍቱንም ማወቅ ግዴታው ነው። በእስፓኝም በዐቢይ ጾም ሽምብራ ከቆስጣና በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር ይቀቀላል። ጾም ምላስን እንደሚገታ የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው፤ የወጥ ቤትን ብልሃት እንዳበዛ ግን የሚያስተውሉት ጥቂቶች ናቸው።

ስለ መጠጡም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ወይን የመሠዊያው ነው፤ ለቍርባን ከዘቢብ ይዘጋጃል። የገበታው ክብር ግን ከጥንት ጀምሮ ማር ነው። ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፥ ጌሾ ይገባበታል፥ በጋንም ተከድኖ እስኪፈላ ይቈያል። ጌሾው ሳይገባበት የቀረው ብርዝ ይባላል፤ የሚያሰክር ለማይጠጣ እንግዳም እርሱ ይቀርባል። የእስፓኝ ሰው ወይኑን ቀምሶ የተተከለበትን አፈር እንደሚናገር ሁሉ፥ ጠጅ አዋቂም ንቡ የቀሰመውን አበባ ይናገራል። በግብሩ ላይ የጠጁና የእንጀራው ደረጃ እንደ ተቀማጩ ማዕረግ ይለያይ ነበር፤ ለመኳንንቱ የነጭ ጤፍ እንጀራና የጠራ ጠጅ፥ ኋላ ለሚገባው ወታደር ጠቆር ያለው እንጀራና ቀጠን ያለው ጠጅ ይደርሰዋል። ገበታው አገሩን አገናኘ እንጂ ሰውን አላስተካከለም። ደግሞም አገሩን ሁሉ አላገናኘም፤ የጉራጌ ክትፎና ቆጮ በከተማይቱ ገበታ የተለመዱት ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፥ ጉራጌዎች ለሥራ ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ሲኖሩ ነው።

ከዚህ ግብር በኋላ ብዙም ሳይቈይ ክፉ ቀን መጣ። የኢጣልያ ጦር ወደ ምፅዋ ባስመጣው ከብት የገባው የከብት በሽታ በ1880 እና በ1881 ዓ.ም. ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ። ከኢትዮጵያ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። ዝናብ ቀረ፥ አንበጣም ተጨመረበት፤ በሬ ስለ ሌለ የሚያርስ ጠፋ፤ ረኃቡም እስከ 1884 ዓ.ም. ቈየ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቈፈሩ፥ መኳንንቱም እንዲቈፍሩ አዘዙ። ጥቂት ዘመን ቀደም ብሎ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ከብት በታረደበት ተራራ ሥር፥ በጉለሌ ሜዳ፥ የሚታለብ ላም ማግኘት ጭንቅ ሆነ። ይህን ሁለቱን ነገር አስተያይቶ በግብሩ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእንጦጦ ያረዱት ሰዎች የሚመጣውን አያውቁም ነበር፥ ከብቱም ባይታረድ በበሽታው ማለቁ አይቀርም ነበር።

ከብቱ ካለቀ በኋላ የቀረው ሙያው ነው። በእንጦጦ ወጥ ቤት የሠሩትና ከእነርሱ የተማሩት ሴቶች ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ አጠገብ ሲወርድ አብረው ወረዱ። ኋላም እቴጌ በስማቸው የተጠራውን ሆቴል በከተማይቱ ሲያቋቁሙ፥ ሰው በገንዘቡ ከፍሎ የሚበላበት ገበታ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ምኒልክ ከሞቱ በኋላ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተመለሱና ያን ግብር ባበሉበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖሩ፤ በዚያም የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

የእንጦጦ ደን ግን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቈርጦ አስቀድሞ አልቆ ነበር፤ ከተማው ከተራራው እንዲወርድ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። በ1880ዎቹ ዓመታት ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር ገብቶ ተራራው ዳግመኛ ለበሰ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው በሽሮ ሜዳ ቍልቍለት ወደ ጉለሌ ያወርዱ ነበር፤ የከተማይቱም ምጣድ የሚግለው በዚሁ ሸክም ነበረ።