የእንቅልፍ ብርገጋ፦ ልጁ ይጮሃል፣ ግን አልነቃም

የአራት ዓመት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተኝቷል። 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከመኝታ ክፍሉ ጩኸት ይሰማል። እናት ሮጣ ስትገባ ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ፈጧል፣ ላብ አጥምቆታል፣ ልቡ ከፒጃማው ሥር ድው ድው ትላለች። «ማሙሽ፣ እኔ ነኝ» ትለዋለች፤ አያውቃትም። ልታቅፈው ስትል ይገፈትራታል፤ ፊት ለፊት እያያት «እማዬ! እማዬ!» እያለ ይጣራል። አያት ከኋላ ደርሰው «በስመ አብ! ልጄን ምን ነካብኝ?» ይላሉ። ጥቂት ደቂቃ እንዲህ ከቆየ በኋላ ልጁ ድንገት ዝም ይልና ተመልሶ ይተኛል። ቤተሰቡ ግን ቁጭ ብሎ ያነጋል። ጠዋት «ማታ ምን ሆነህ ነው?» ሲባል ልጁ ግራ ይገባዋል። ምንም አያስታውስም።

ይህ በሕክምናው ዓለም «ናይት ቴረር» ይባላል። የቆዩ የሕክምና መጻሕፍት በላቲን «ፓቮር ኖክተርነስ» ይሉታል። የዘመኑ የእንቅልፍ ሐኪሞች ደግሞ «ስሊፕ ቴረር» ማለትን ይመርጣሉ፤ ቀን በሚተኙት እንቅልፍም ሊመጣ ስለሚችል ሌሊትን ከስሙ አውጥተውታል። በዚህ ጽሑፍ የእንቅልፍ ብርገጋ እንለዋለን።

ቃል በቃል ቢመለስ «የሌሊት ሽብር» ይሆን ነበር። ሽብር ግን በእኛ ጆሮ ወይ ቀይ ሽብርን ወይ የቦምብ ዜናን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን ችግር የሚሰጥ ስም አይደለም። ቅዠት እንዳንለው ቅዠት ሥራ በዝቶበታል፦ መጥፎ ሕልምም ቅዠት ነው፣ በትኩሳት መለፍለፍም ቅዠት ነው። ዱካክ የሚባለው ደግሞ ሰው ነቅቶ እያለ ሰውነቱ አልታዘዝ ሲለውና ደረቱ ላይ የሆነ ነገር የተጫነው ሲመስለው ነው፤ እሱም ሌላ ጉዳይ ነው። «በርግጎ ተነሳ» ማለትን ግን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ እንከን ብቻ አለው፤ በርግጎ የተነሳ ሰው ነቅቷል፣ ይህ ልጅ ግን አልነቃም። ስለዚህ ነው «የእንቅልፍ» የሚለው ከፊቱ የገባው፦ ብርገጋው እዚያው እንቅልፉ ውስጥ ነው የሚጀምረውም የሚያልቀውም።

ከቅዠት መለየቱ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት። ሁለቱ የሚፈልጉት እርዳታ ተቃራኒ ነው። ክፉ ሕልም ያየ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ንጋት ገደማ ይነቃል፤ ያለቅሳል፣ ወላጁን ያውቃል፣ ይጠመጠማል፣ «ጅብ መጣብኝ» ብሎ ይናገራል፣ መብራት እንዳይጠፋበት ይለምናል። ይህን ልጅ ማቀፍና ማጫወት ነው። የበረገገው ልጅ ግን ከተኛ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ሲሆነው ይጮሃል፤ ሲታቀፍ ይብስበታል፣ የሚያወራው ሕልምም የለውም። አያቱ እንደ ቅዠት ቆጥረው አባብለውት ይሆናል። ማባበሉ ያልሠራው ግን የሚባበለው ልጅ ስላልነቃ ነው።

ምክንያቱ ከእንቅልፍ አሠራር ይመጣል። እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይጠልቃል፣ ይሳሳል፣ ሕልም ያሳያል፣ እንደገና ይጠልቃል። በትንሽ ልጅ ላይ ከሁሉ የሚከብደው እንቅልፍ ያለው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው። መኪና ውስጥ የተኛን ልጅ ተሸክመን አራተኛ ፎቅ አውጥተን፣ ጫማውን አውልቀን፣ ልብሱን ቀይረን ዓይኑን የማይገልጥበት እንቅልፍ እሱ ነው። ከዚያ ጥልቀት ወደ ሳሳው ሲወጣ አንዳንዴ አንጎል እኩል አይነቃም። መጮህን፣ መቀመጥን፣ መሮጥን የሚያዝዘው ክፍል ነቅቶ፣ የት እንዳለ የሚያውቀውና የሆነውን የሚመዘግበው ክፍል ተኝቶ ይቀራል። ካናዳዊው ሐኪም ሮጀር ብሮተን እ.ኤ.አ. በ1968 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ይህን ዓይነቱን ብርገጋና በእንቅልፍ ልብ መሄድን ከአንድ ቤተሰብ መደቧቸው፤ ሁለቱም የሚመጡት ከሕልም ሳይሆን ከከባድ እንቅልፍ በግማሽ ከመንቃት ነው ብለው አስረዱ። ከዚያ ወዲህ የሕክምናው አረዳድ በዚሁ መስመር ሄዷል።

እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ የካናዳዋ ኩቤክ ልጆች ይበቁናል። ልጆችን ለዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ዓመት ተኩል ዕድሜ ከመቶው 34 ያህሉ ብርገጋ እንደነበረባቸው አገኘ። በ5 ዓመታቸው ቁጥሩ ወደ 13 ወርዷል፤ በ13 ዓመታቸው 5 ገደማ ሆኗል። በዘርም ይመጣል። በዚያው ጥናት፣ ወላጆቻቸው በልጅነታቸው በእንቅልፍ ልባቸው የሄዱ ልጆች እነሱም በእንቅልፍ ልባቸው የመሄዳቸው ዕድል ከሌሎቹ በእጅጉ ጨምሮ ተገኝቷል። እንግዲህ አያትን «አባቱ በልጅነቱ እንዲህ ያደርገው ነበር?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ «ኧረ እሱማ ጓሮ ድረስ ይሄድ ነበር!» የሚል መልስ ይመጣል።

በእኛ አገር ይህን ጩኸት ዓይነ ጥላ ነው፣ ተለክፎ ነው፣ ዓይን አርፎበት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አልፈርድባቸውም። ዓይኑን አፍጥጦ እናቱን የማያውቅ ሕፃን በሌሊት ያየ ሰው ሌላ ምን ይበል? አጠገቡ ሆኖ ማማተብ፣ ዳዊት መድገም፣ ዱዓ ማድረግ ልጁን አይጎዳውም፤ እንዲያውም ትልልቆቹን ያረጋጋል፣ መረጋጋታቸውም ያስፈልጋል። የሚጎዳው በተኛበት ቀዝቃዛ ውኃ መርጨት፣ በጭስ ማጠን፣ እየነቀነቁ «ማነህ? ከየት መጣህ?» እያሉ ማስለፍለፍ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ጠዋት የሚደረገው ይመስለኛል፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ልጁ እየሰማ «ሌሊት እኮ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው» ሲባል። ምንም የማያስታውሰው ልጅ ያን ቀን መኝታውን መፍራት ይጀምራል። እንቅልፍ የሚፈራ ልጅ ደግሞ አይተኛም፣ ያልተኛ ልጅም ይበልጥ ይበረግጋል።

ታዲያ በሰዓቱ ምን ይደረግ? ጥቂት ነገር ብቻ። አትቀስቅሱት፣ አትያዙት፤ እንዳይወድቅና እንዳይጋጭ አጠገቡ ሁኑ። መብራቱን ደብዘዝ አድርጉት። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንድ አጭር ነገር ደጋግሙ፦ «አለሁ፣ ተኛ።» ተነስቶ ከሄደ በቀስታ ወደ አልጋው መልሱት። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ደቂቃ በታች ይወስዳል፤ አልፎ አልፎ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋም አለ። ካለቀ በኋላ ሽንት ቤት ወስዶ ማስተኛት ጥሩ ነው። ቤቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት ግን ግዴታ ነው። ይህ ልጅ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ ያውም ላይኛው ላይ አይተኛም። ወደ በረንዳ የሚወስደው በር ይቆለፋል። የቡና ከሰልና የፈላ ውኃ ልጁ በሚሄድበት መንገድ ላይ አይቀመጡም።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ቀን ላይ ነው፤ ስሙም እንቅልፍ ነው። ብርገጋን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው የእንቅልፍ ማነስ ነው። እንቅልፍ ያነሰው ልጅ በተኛ ጊዜ አንጎሉ ያመለጠውን ለማካካስ ወደ ከባዱ እንቅልፍ ይበልጥ ይሰምጣል፤ ከዚያ መውጣቱም ይከብደዋል። ትኩሳት፣ የሞላ ፊኛ፣ ድንገተኛ ድምፅ፣ አዲስ ቤት፣ በቤት ውስጥ ያለ ጭንቀትም ይጨመሩበታል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ3 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ይህን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። ሰርቪሱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይቆማል፤ ልጁ 12 ሰዓት ላይ መነሳት አለበት። ቢያንስ 10 ሰዓት እንዲተኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። በ2 ሰዓት ግን አባት ገና ትራፊክ ላይ ነው፣ እራት አልቀረበም፣ ቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማውን ጀምሯል። ልጁ 4 ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ ይወድቃል። መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ደግሞ የቀን እንቅልፉ ይቀራል። በአንድ ወር ውስጥ ከዕለት እንቅልፉ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቀነስና ብርገጋው ሲጀምር «ትምህርት ቤት ምን አስደነገጠው?» ይባላል። አንዳንዴ እውነት የሚያስደነግጥ ነገር ይኖራል፤ መጠየቁ አይከፋም። ከዚያ በፊት ግን ሰዓቱ ይቆጠር። የልጁን እራት ከትልልቆቹ ለይቶ ቀደም ማድረግ፣ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት መዝጋት፣ ትምህርት በሌለበት ቀንም የመኝታ ሰዓቱን አለመልቀቅ፣ ከተቻለ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ማስተኛት። አባት ሳያየው ይተኛል የሚለው ቅሬታ ይገባኛል። ቢሆንም በጠዋት ሩብ ሰዓት አብሮ መሆን በማታው ሁለት ሰዓት ይለወጣልና ያዋጣል።

ለክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ከዋሽንግተን የሚመጡ ቤተሰቦችም ይህን ይወቁት። የ7 ሰዓት ልዩነት፣ ረጅም በረራ፣ የማያውቁት አልጋ፣ ማታ ማታ የሚመጣ እንግዳ አንድ ላይ ሲገጥሙ፣ አሜሪካ በርግጎ የማያውቅ ልጅ አያቱ ቤት ሊበረግግ ይችላል። አገሩ አልተስማማውም ብሎ ትኬት ማስቀየር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንግዳ መቀበሉን ቀንሶ በጊዜ ማስተኛት ነው።

እንቅልፉ ተስተካክሎም በየሌሊቱ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ የሚበረግግ ልጅ አለ። ለዚህ ቀድሞ መቀስቀስ የሚባል ዘዴ አለ። የለንደኑ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ብራያን ላስክ እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ 19 ልጆችን ይዘው አቅርበውታል። ወላጆች ለጥቂት ሌሊቶች ብርገጋው የሚመጣበትን ሰዓት ይጽፋሉ። በየቀኑ 3 ሰዓት ከ50 ላይ የሚመጣ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመው ልጁን በቀስታ ይቀሰቅሱታል፤ ዓይኑን ገልጦ ጥቂት ደቂቃ ነቅቶ ይቆያል፣ ውኃ ይጠጣል ወይ ይሸናል፣ ከዚያ ይተኛል። ይህ ለአንድ ሳምንት ያህል ይደጋገማል። ሰዓቱ ቋሚ ላልሆነ ልጅ ግን አይሠራም፤ ከጀመሩት በኋላ ብርገጋው ከባሰም መተው ነው። መድኃኒት አብዛኞቹ ልጆች አያስፈልጋቸውም። የጉንፋን ሽሮፕ «ያስተኛዋል» ብሎ መስጠት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም።

ሐኪም ጋር የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። አንዱ ማንኮራፋት ነው። ልጁ ሁልጊዜ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ የሚመለስ ከሆነ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ መተንፈሻውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ጊልሚኖ የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በእንቅልፍ ልባቸው የሚሄዱና የሚበረግጉ 84 ልጆችን መርምሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሌላ የእንቅልፍ ችግር፣ በተለይም የአተነፋፈስ ችግር እንዳለባቸው አግኝቷል፤ በቀዶ ሕክምና አተነፋፈሳቸው የተስተካከለላቸው ብርገጋውም ተዋቸው። ይህን አንብቦ ልጁን እንጥል ቆራጭ ወይም ግግ አውጪ ጋር የሚወስድ ሰው እንዳይኖር አደራ። እንጥል ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ በቤት ውስጥ መቆረጡ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል። ጉዳዩ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ነው።

ሌላው የሚጥል በሽታ ነው። በእንቅልፍ ብቻ የሚመጣ ዓይነት አለው፤ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፣ በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ይመጣል፣ እንቅስቃሴውም በየጊዜው አንድ ዓይነት ነው። እጅ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሰውነቱ ግትር የሚል፣ ቀንም የሚደነዝዝ ወይም እንቅልፍ የሚጥለው ልጅ ቶሎ መታየት አለበት። ቤት ውስጥ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሲበረግግ አንዳችሁ አጠገቡ ሁኑ፣ ሌላችሁ በስልክ ቅረጹት፤ የጀመረበትንና ያለቀበትንም ሰዓት ጻፉ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪም ከግማሽ ሰዓት ትረካ ይበልጣል። ለሐኪም አሳዩት፤ ቲክቶክ ላይ ግን አትልቀቁት።