ጨረቃ ለምን አትወድቅም?

በጨረቃ ምሽት ከልጆቻችሁ ጋር ደጅ ተቀምጣችሁ ሳለ አንዱ ቀና ብሎ «አባዬ፣ ወደ ላይ የወረወርነው ድንጋይ ተመልሶ ይወድቃል፤ ጨረቃስ ለምን አትወድቅም?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ወይስ «ይህ አይጠየቅም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ? መልሱን ከመስጠታችን በፊት የአንድ ሰው ታሪክ እናስታውሳችሁ።

በ704 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ1304) ደማስቆ ውስጥ ኢብን አሽ-ሻጢር የተባለ ሰው ተወለደ። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተ በዘመድ እጅ አደገ፤ የዝሆን ጥርስ ጌጥ ሥራም ተማረ። ኋላም ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ ተጉዞ የከዋክብትን ዕውቀት ቀሰመ። በታላቁ የኡመውያ መስጂድም ሙወቂት ሆነ። ሙወቂት ማለት የሶላትን ወቅቶች በስሌት የሚወስን ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1371 ለመስጂዱ ሚናራ የሠራው የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀ ነበር።

በዚያን ዘመን በሰማይ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእስክንድርያው ሊቅ የበጥሊሙስ ነበር። መጽሐፉ ከተጻፈ ከ1,100 ዓመት በላይ አልፎታል። ይሁን እንጂ በውስጡ ግልጽ ስህተት ነበረበት። በእርሱ ስሌት መሠረት ጨረቃ በግማሽነቷ ጊዜ አንዳንዴ እጅግ ስለምትቀርበን፣ ስፋቷ ከሙሉ ጨረቃ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሆኖ መታየት ነበረበት። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ጨረቃ ያየ ሰው አለ? የለም! ኢብን አሽ-ሻጢር መጽሐፉ ትልቅ ነው ብሎ ዓይኑን አልካደም። ስሌቱን አፍርሶ ከሚታየው ጨረቃ ጋር በሚስማማ መንገድ እንደገና ሠራው።

ፖላንዳዊው ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 ፀሐይን መሐል ያደረገ መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የጨረቃ ስሌት በአሠራሩ ከደማስቆው ሙወቂት ስሌት ጋር አንድ ነው። ይህም የታወቀው በ1950ዎቹ የጥንት ጽሑፎች ሲመረመሩ ነው። ስሌቱ ኮፐርኒከስ ዘንድ በምን መንገድ እንደደረሰ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል። እኛም ብንሆን ኢብን አሽ-ሻጢር ያላለውን ብሏል ማለት አይገባንም። እርሱ ምድርን ከመሐል አላነሳም፤ የስበትን ሕግም አላወቀም።

የልጃችሁን ጥያቄ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ1687 እንግሊዛዊው ኒውተን ነበር። መልሱም አስገራሚ ነው፦ ጨረቃ ትወድቃለች! ከእጃችን የለቀቅነው ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ 5 ሜትር ያህል ይወድቃል። ጨረቃ ከምድር እምብርት ያላት ርቀት ከድንጋዩ 60 እጥፍ ነው። ስበት ደግሞ ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ልክ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እዚያ 3,600 ጊዜ ደካማ ነው። በመሆኑም ጨረቃ በሰከንድ ወደ እኛ የምትወድቀው 1.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያችው ሰከንድ ግን ወደ ጎን 1 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ስለዚህ መውደቋ መንገዷን ያጎብጠዋል እንጂ ምድር ላይ አይጥላትም። ፕላኔቶችም በፀሐይ ዙሪያ የሚዞሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ሰዎችም ይህንኑ ሕግ ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1957 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝነውን ስፑትኒክ አመጠቁ። በ96 ደቂቃ ምድርን ትዞር ነበር። ሳተላይት ከምድር በራቀ ቁጥር ዙሩ ይረዝማል። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከምድር ጋር እኩል በአንድ ቀን ይዞራል። በየጣሪያችን ላይ ያለው ዲሽ ወዲያ ወዲህ ሳይዞር ዓመቱን ሙሉ አንድ አቅጣጫ የሚመለከተውም ስለዚህ ነው።

ውድ ወላጆች! «የእኛ ሰዎች ቀድመው አውቀውት ነበር» እያልን መመጻደቅ ቀላል ነው። ሆኖም የኢብን አሽ-ሻጢር የጨረቃ ስሌት ዋጋው ዳግም እስኪታወቅ ድረስ ስድስት መቶ ዓመት ያህል እንዳለፈ አንርሳ። ያ ሰው የሶላት ወቅት እንዳይዛነፍ ከመጨነቅ አልፎ ጨረቃን በራሱ ዓይን መረመረ። ነገ ማታ ልጃችሁ ሲጠይቅ ዝም አታሰኙት። እጁን ይዛችሁ ወደ ደጅ ውጡ፤ አብራችሁም ቀና በሉ።