የስብዕና ባሕርያትና የአእምሮ ጤና በሕክምና ሠልጣኞች ዘንድ፦ ወላይታ ሶዶ

ስብዕና አንድ ሰው በአስተሳሰቡ፣ በስሜቱና በአኗኗሩ ከሌላው የሚለይበት፣ በአጭር ጊዜ የማይለዋወጥ ጠባይ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በአብዛኛው በ5 ዘርፍ ይመለከቱታል፤ እነርሱም ትጉህነት፣ ተግባቢነት፣ ተባባሪነት፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆንና በቀላሉ የመጨነቅ ዝንባሌ ናቸው። አምስቱም በማንኛውም ሰው ዘንድ ይገኛሉ፤ ልዩነቱ የመጠን ነው። ስለሆነም በቀላሉ የመጨነቅ ዝንባሌ ያለው ሰው በዚህ ብቻ ታማሚ ሊባል አይገባም፤ ለሐኪምነት አይበቃም ማለትም አይደለም።

በወላይታ ዞን የሐኪሞች ሥልጠና በዋናነት የሚሰጠው በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የተግባር ትምህርቱም ብዙ የከተማው ነዋሪ ኦቶና እያለ በሚጠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይካሄዳል። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችን ያሠለጥናል። በማሠልጠኛ ሆስፒታል ተገልጋዩን ብዙ ጊዜ በቅድሚያ ተቀብሎ የሚመረምረው ኢንተርን ወይም ሬዚደንት ነው። የእነዚህ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ተገልጋዩንም የሚመለከተው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሕክምና ትምህርት የሚገቡ ተማሪዎች በአብዛኛው ትጉሃን ናቸው። ትጉህነት ለታካሚ የሚበጅ ባሕርይ ቢሆንም፣ ብቻውን ከለላ አይሆንም። በኖርዌይ የሕክምና ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ለከፍተኛ ውጥረት ይበልጥ የተጋለጡት በጣም ትጉህ፣ በቀላሉ የሚጨነቁና ዝምተኛ የሆኑት ናቸው። እንዲህ ያለው ሠልጣኝ ሥራውን ስለማያጓድል ችግሩ በቀላሉ አይታይም። አለቃውም ጎበዝ ሲል ያመሰግነዋል።

ይሁን እንጂ ምክንያቱን ሁሉ ለባሕርይ መስጠት ስህተት ነው። በአሜሪካ በሥልጠና ላይ የነበሩ 740 ኢንተርኖችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ የድብርት ምልክት የታየባቸው ሠልጣኞች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት 3.9 በመቶ እንደነበሩና በኢንተርንነት ዓመቱ በአማካይ ወደ 25.7 በመቶ ከፍ እንዳሉ አሳይቷል። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ስብዕናም በጥቂት ወራት ውስጥ ይህን ያህል አይለወጥም። የተለወጠው ሥራው ነው። በቀላሉ የመጨነቅ ዝንባሌ ተጋላጭነትን መጨመሩ በጥናቱ ቢረጋገጥም፣ የሥራ ሰዓት መርዘምና የሕክምና ስህተት መፈጸምም ከድብርቱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል።

በሶዶ የሚሠለጥን ተማሪ ከሌላ ክልል የመጣ ሊሆን ይችላል። የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ብዙ ታካሚዎች ግን ሕመማቸውን የሚናገሩት በወላይትኛ ስለሆነ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሠልጣኝ በአስተርጓሚ ለመሥራት ይገደዳል። የአካባቢው ተወላጅ የሆነውም ቢሆን ዘመድ አዝማድ ለጊፋታ በዓል ሲሰባሰብ ዲዩቲ ላይ ሊውል፣ በማግስቱም ያለ በቂ እንቅልፍ ዋርድ ሊገባ ይችላል። ተግባቢ ያልሆነ ወጣት ይህን ሁሉ ለማንም ሳይናገር ብቻውን የመሸከም ዕድሉ ሰፊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ የድብርት ምልክት የሚታይባቸው የሕክምና ተማሪዎች 27.2 በመቶ እንደሚደርሱ፣ ከእነዚህም ውስጥ የሥነ አእምሮ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው አኃዝ ነው። ሠልጣኙ የመታከሚያውን ቦታ አጥቶት አይደለም፤ በየዕለቱ የሚሠራው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የሚያስቀረው በመምህሩና በጓደኞቹ ዘንድ ደካማ መባልን መፍራቱ፣ ምስጢሬ ይወጣል የሚል ሥጋቱም ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ማወቅ ይጠቅማል። ታካሚው ራሱ የጤና ባለሙያ መሆኑ ይህን ግዴታ አያስቀርም።

የተለመደ ድካም በዕረፍት ይቀንሳል። ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ፣ ቀድሞ ደስ ይለው የነበረውን ነገር መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን ከንቱ አድርጎ መቁጠር አብዛኛውን ቀን እየታየ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ምርመራ ያስፈልጋል። በጤና ተቋማት ለቅድመ ልየታ የሚያገለግሉ አጫጭር መጠይቆች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 20 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው። በመጠይቅ የተገኘ ነጥብ ብቻውን የበሽታ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የስብዕና መጠይቅም ቢሆን ተማሪን ከሥልጠና ለማስቀረት የሚያገለግል መሣሪያ አይደለም።

ሠልጣኞች በቅድሚያ የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ክሊኒክና የምክር አገልግሎት፣ ቀጥሎም የሆስፒታሉን የሥነ አእምሮ ክፍል መጠየቅ ይችላሉ። ነገ አብሮ በሚሠራ ባልደረባ መታከም የሚከብደው ሠልጣኝ በሌላ ሆስፒታል መታየት ይችላል፤ አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ለዚሁ ሕክምና የተቋቋመ ነው። ቤተሰብ በስልክ ሲያገኘው ከውጤቱ በፊት እንቅልፉንና አመጋገቡን ቢጠይቅ ችግሩን ቀድሞ ሊረዳ ይችላል።

ሠልጣኙ መኖር እንዳስጠላው ወይም ራሱን ለመጉዳት እንደሚያስብ ከተናገረ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን እንዳይሆን በማድረግ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዞት መሄድ ይገባል፤ በእጁ ያሉ መድኃኒቶችም ከአጠገቡ እንዲርቁ ይደረጋል።