«ፀሐይ» የማን ነበረች?

ደሴ ፒያሳ ተቀምጦ ቡናውን ፉት የሚል ሰው የሰፈሩን ስም ማን እንዳወጣው ብዙም አያስጨንቀውም። አዲስ አበባ ፒያሳ፣ ጎንደር ፒያሳ፣ ደሴ ፒያሳ... ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ስሙን ጥሎልን ሄደ። ስም ጥሎ ሲሄድ ግን እጁን ባዶ አላወጣም። የአክሱም ሐውልትን ታሪክ ያልሰማ የለም። እኔ የማነሣው «ፀሐይ» የምትባለውን አውሮፕላን ነው።

በ1921 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አገራችን ሲገቡ ተገዝተው የመጡ ነበሩ። «ፀሐይ» ግን አዲስ አበባ ውስጥ የተገጣጠመች ናት። ሉድቪግ ዌበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስና የንጉሡ ፓይለት ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም ሠራት። ስሟን ያገኘችው ከልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ በ1934 ዓ.ም ገና በወጣትነቷ ካረፈችው።

ይቺ ትንሽ አውሮፕላን ለመብረር ስትሰናዳ ደሴ ላይ የሚበሩት ሌሎች ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ጃንሆይ ጦራቸውን ይዘው የሰፈሩባትን ከተማ ደበደቧት። ቀይ መስቀል የተዘረጋበት የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል እንኳ አልቀረም። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ የደሴ ነው። በሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ገባ፤ በሃያኛው ቀን አዲስ አበባ። «ፀሐይ»ም ተማረከችና ባሕር ተሻገረች። ከሮም ወጣ ብሎ ብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ስትጎበኝ ኖረች።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «የጦር ምርኮ ናት፤ ምርኮ ደግሞ የማራኪው ነው» ይላል። ሌላው «የሠራት ጀርመን፣ ሞተሯም የውጭ፤ ምኗ ነው የኢትዮጵያ?» ይላል። ይኼ ሁለተኛው ነገር አይዋጥልኝም። መሬቱ የእኛ፣ ገንዘቡ የእኛ፣ መዶሻ የያዙት እጆች የእኛ፣ ስሙ የእኛ። ሞተር ከውጭ በመምጣቱ ባለቤትነት የሚቀር ቢሆን ኖሮ በዓለም ላይ የራሱ መኪና ያለው አገር ስንት ይሆን ነበር? (የንጉሡ የግል ንብረት ነበረች ወይስ የመንግሥት የሚለውን ለሕግ አዋቂዎች እተወዋለሁ፤ በዚያ ዘመን ልዩነቱን የሚያውቅ ብዙ ሰው ያለም አይመስለኝ።)

የምርኮው ነገርስ? በ1939 ዓ.ም ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 ጣሊያን ከመስከረም 1928 ወዲህ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃ፣ መዝገብና ታሪካዊ ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ቀነ ገደቡ ያበቃው በ1941 ዓ.ም ነበር። የአክሱም ሐውልት የመጣው በ1997። «ፀሐይ»ን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሮም ላይ የተረከቡት ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም። ሰባ አምስት ዓመት ያለፈበት ዕዳ መሆኑ ነው። ዕዳውን ዘግይቶ የከፈለ ሰው ደግሞ ስጦታ ሰጠ አይባልም፤ ርክክቡን እንደ ችሮታ ላወሩት ይህን ማስታወስ ደግ ነው።

ለወሎ ሰው ግን ከ«ፀሐይ» ይልቅ መቅደላ ይቀርበዋል። በ1860 ዓ.ም እንግሊዞች ከዚያ አምባ የጫኑት በዝሆንና በበቅሎ ነበር። ጣሊያንን የያዘ ውል አለ፤ እንግሊዝን የሚይዝ ግን የለም። ስለዚህ የሚመጣው በቁንጥር ነው፤ በ2011 ዓ.ም የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር። የልዑል አለማየሁን አጽም ግን ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም አልሰጥም ብሏል።

የውጭውን እንዲህ ስንጠይቅ ግን የቤታችንንም ማየት ነው። በሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ተጎድቷልም። ከዚያ የወጣውን ዕቃ ሮም ወይም ለንደን ሄደን አንጠይቅም። ዝርዝሩ፣ ካለም ፎቶግራፉ፣ ታትሞ ሕዝብ ቢያየው አንድ ቀን ገበያ ላይ ብቅ ሲል «ይኼ የእኛ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አንቀጽ 37ን ለዚህኛው ማን ይጽፍልን ይሆን?