ቀኑ የሚገባው ማታ ነው

በሰፈራችን ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ስለምንኖር አንድ ነገር ደጋግሞ ያከራክረናል። የሟች ቤተሰብ «በጁምዓ ሌሊት ዱዓ አለ» ብሎ ሲጠራ፣ አንዳንዱ ጎረቤት ዓርብ ማታ ይመጣና ሁሉ ነገር አልቆ፣ ቤቱ ተዘግቶ ያገኛል። ኀዘንተኛውም «ቀረብኝ» ብሎ ይቀየማል። የጁምዓ ሌሊት ማለት እኮ ሐሙስ ማታ ነው! እኛም ብንሆን «ሐሙስ ማታ ለዓርብ አጥቢያ» እንል የለም እንዴ? ጥሩምባ ነፊያችንም እንዲሁ ብሎ ቢለፍፍ ነገሩ ባለቀ ነበር።

በእስልምና ቀን የሚለወጠው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ነው። ሌሊቱ ይቀድማል፤ መዓልቱ ይከተላል። ምክንያቱ ጨረቃ ናት። ወር የሚገባው አዲስ ጨረቃ ስትታይ ሲሆን፣ እርሷም የምትታየው ፀሐይ እንደገባች በምዕራብ በኩል ለጥቂት ጊዜ ነው። ወሩ ማታ ከገባ የመጀመሪያው ቀንም ማታ መጀመሩ ግድ ነው። ሊቁ አል ቢሩኒ (973-1048 እ.ኤ.አ.) ስለ ሕዝቦች ዘመን አቆጣጠር በጻፉት መጽሐፍ ይህንኑ ምክንያት ሰጥተዋል። ስለዚህ የረመዳን ጨረቃ በታየችበት ማታ ተራዊሕ ይሰገዳል። 27ኛው ሌሊት የሚባለውም 26ኛው ጾም ከተፈታ በኋላ ያለው ነው። ጾሙ ግን የሚያዘው ጎህ ሲቀድ ነውና ሁለቱን አናደባልቅ።

ኸሊፋ ዑመር በ638 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘመኑ ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ከተሰደዱበት ከ622 እ.ኤ.አ. እንዲቆጠር ሲወስኑ፣ ይህን የቀን አገባብ አልነኩም። በጽሕፈት ሥራ ላረጀነው ለእኛ የሚደንቀን ግን የጥንት ዓረብ ጸሐፊዎች ደብዳቤ ነው። ቀኑን ሲያሰፍሩ «ከረጀብ ሦስት ሌሊት ሲያልፍ» ይላሉ፤ ወሩ ሲጋመስ ደግሞ ያለፈውን ትተው የቀረውን ሌሊት ይቆጥራሉ። ወሩ 29 ይሁን 30 ገና ሳይታወቅ! መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ራስ የሚያዞር ነገር ነው።

በኦቶማን ቱርክ ደግሞ የእጅ ሰዓቱ ሳይቀር መግሪብን ይከተል ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ልክ 12 ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ አንድ፣ ሁለት እየተባለ ይቆጠራል። የእኛን ይመስላል፤ ልዩነቱ ፀሐይ የምትገባበት ጊዜ ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ ሰዓቱን ሁልጊዜ ማስተካከል ነበረባቸው። ባቡርና ቴሌግራፍ ሲመጡ ይህ አስቸጋሪ ሆነ። የቱርክ ሪፐብሊክም ከጥር ወር 1926 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥቱ ቀን ከእኩለ ሌሊት እንዲቆጠር በሕግ ደነገገ፤ የረመዳንን ማታ ግን እዚያም እስከ ዛሬ በመግሪብ ይቀበሉታል።