በአልትራሳውንድ የታገዘ የአናቶሚና የነርቭ ማደንዘዣ ትምህርት

ክንዱ ተሰብሮ ወደ ሆስፒታል የመጣ የቡና ለቃሚ ክንዱ ብቻ ደንዝዞ፣ ራሱም ነቅቶና ያለ መሣሪያ እገዛ እየተነፈሰ ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ይችላል። ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሚዛን አማንና በአካባቢዋ ላሉ ታካሚዎች የዚህ ዘዴ ጥቅም ከፍተኛ ነው። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታልና በመሰል ተቋማት የሚሠለጥኑ የሕክምና ተማሪዎችም ነርቮች የሚገኙበትን ቦታ በሚገባ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል።

ቀደም ሲል ባለሙያዎች መርፌውን የሚያስገቡት የአጥንትና የደም ቅዳ ምልክቶችን በእጅ ዳስሰው ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. የቪየና ሐኪሞች ከአንገት ሥር ያሉትን የክንድ ነርቮች በአልትራሳውንድ እያዩ ማደንዘዝ እንደሚቻል ያሳተመ ጥናት አቀረቡ።

አስከሬን የአካል ክፍሎችን አቀማመጥ ያስተምራል፤ የሚመታ ደም ቅዳና ከትንፋሽ ጋር የሚንቀሳቀስ ሳንባ ግን አያሳይም። ስለዚህ ልምምዱ ያለ መርፌ፣ በፈቃደኛ የክፍል ጓደኛ አንጓ ላይ ቢጀመር ይመረጣል። በአንጓ ላይ ነርቭና ጅማት በምስሉ ስለሚመሳሰሉ ተማሪው ይሳሳታል። መቃኛውን ቀስ እያለ ወደ ክርኑ ሲያንሸራትት ግን ጅማቶቹ ወደ ጡንቻነት ይለወጣሉ፤ የማር እንጀራ የሚመስለው ሚዲያን ነርቭ በጡንቻዎቹ መካከል ሳይለወጥ ይቀራል። መቃኛው ጥቂት ሲያዘነብል ነርቩ ከምስሉ ሊሰወር እንደሚችልም ተማሪው በዚሁ ይረዳል። ይህን በገዛ እጁ ያየ ተማሪ ሥዕሉን ብቻ ካጠና ተማሪ ይልቅ ትምህርቱን አይረሳም።

ከአንገት አጥንት በላይ የክንድ ነርቮች ከደም ቅዳው ጎን እንደ ቡና ፍሬ ዘለላ ተሰብስበው ይታያሉ። ከሥራቸው የመጀመሪያው የጎድን አጥንትና የሳንባ ሽፋን ይገኛሉ፤ መርፌው ጥቂት ቢያልፍ አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ሊገባ ይችላል። ጀማሪዎች በብዛት የሚፈጽሙት ስሕተት የመርፌው ጫፍ ሳይታይ ወደፊት መግፋት ነው። በመሆኑም ተማሪው በታካሚ ላይ ከመሥራቱ በፊት በሥጋ ቁራጭ ወይም በጄላቲን ላይ ሊለማመድ፣ ጫፉ ከምስሉ ሲጠፋም ወዲያው እጁን ሊያቆም ይገባል።

ምስሉ የመድኃኒቱን መጠን አይወስንም። ለቡፒቫኬይን በተለምዶ የሚወሰደው ከፍተኛ መጠን በኪሎ ግራም 2 ሚሊ ግራም ነው፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ባለ 0.5 በመቶው 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። መድኃኒቱ ወደ ደም ሥር ቢገባ የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ መንቀጥቀጥና የልብ መታወክ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያና ባለ 20 በመቶ ሊፒድ ኢሙልሽን በአቅራቢያ መዘጋጀት አለባቸው።

ታካሚዎች ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ፣ የመድኃኒት አለርጂ ያለባቸው ወይም አስቀድሞ የመደንዘዝ ስሜት ያላቸው ከሆነ ከሂደቱ በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ክንዱ ለበርካታ ሰዓታት ደንዝዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ ከምድጃ፣ ከጀበናና ከትኩስ ውሃ ይጠበቅ።