በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ

በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ የግዕዝን ፊደል የማስገባትና የማሳየት ሥራ ነው። በሥራው ሦስት ክፍሎች ይሳተፋሉ፦ ፊደሉን የሚያሳየው ፎንት፣ የተነኩትን ቁልፎች ወደ ፊደል የሚለውጠው የማስገቢያ ዘዴ፣ እና ፊደሉን የሚቀበለው ፕሮግራም። «አማርኛ አልጽፍ አለኝ» የሚባለው ችግር ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ የአንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው የትኛው እንደጎደለ ከመለየት ይጀምራል።

ታሪክ

ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የአማርኛ ሶፍትዌሮች የግዕዝን ፊደል ለላቲን ፊደላት በተመደበው የኮድ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። አመዳደባቸው የተለያየ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠ።

አማርኛን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የሚያገለግለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዘጋጁ። በዚያው ዘመን ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የግዕዝ ፊደል ማስገቢያ ሠራ። ዛሬ በሊኑክስ አማርኛ ለመጻፍ የሚያገለግለው ኤም17ኤን የተባለው የብዙ ቋንቋዎች ቤተ መጻሕፍትም በጃፓን የተሠራ ነው።

አሠራር

33ቱ ፊደላት በ7 ዘር ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ይበልጣል። ኪቦርድ ለሁሉም የሚበቃ ቁልፍ ስለሌለው የማስገቢያ ዘዴው ተነባቢና አናባቢ ቁልፎችን ያዋሕዳል። ለምሳሌ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማን ስም ለመጻፍ ኤን፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኤስ ሲነኩ «ንፋስ» ይወጣል፤ ኤም፣ ኢ፣ ደብልዩ፣ ትልቁ ሲ፣ ኤ ሲነኩ ደግሞ «መውጫ» ይወጣል። በትልቁ ሲ ፋንታ ትንሹ ከተነካ «መውቻ» ይሆናል።

የተለመዱ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን መታየት፦ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሲጫን ይስተካከላል። ጽሑፉ ራሱ አልተበላሸም።

አማርኛ ተመርጦ ፊደሉ አለመዋሐድ፦ የተመረጠው ተራው የኪቦርድ ገበታ ነው። ይህ ገበታ ለአንድ ቁልፍ አንድ ምልክት ብቻ ስለሚሰጥ ዘሮቹን አያወጣም። ከዝርዝሩ ውስጥ «ሴራ» የሚለው ስም ያለበት መመረጥ አለበት።

«ሴራ» ከዝርዝሩ መጥፋት፦ አይበስ የተባለው የማስገቢያ ማዕቀፍ ብቻውን አይበቃም፤ ከኤም17ኤን ጋር የሚያገናኘው ጥቅልም መጫን ይኖርበታል። ከተጫነ በኋላ ከኮምፒዩተሩ መለያ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። በግኖም ዴስክቶፕ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚለወጠው ሱፐር እና ስፔስ ቁልፎችን አብሮ በመንካት ነው።

ት እና ጥ፣ ች እና ጭ፣ ስ እና ጽ መቀያየር፦ እነዚህ ጥንዶች የሚለዩት በትንሹና በትልቁ የላቲን ፊደል ስለሆነ በመጀመሪያ ካፕስ ሎክ እንዳልበራ ማየት ይገባል።

የመጨረሻው ፊደል ሥሩ ተሰምሮበት መቆየት፦ ብልሽት አይደለም። ዘዴው አናባቢ ይከተል እንደሆነ እየጠበቀ ነው፤ ቀጣዩ ፊደል ወይም ስፔስ ሲነካ ይጸናል።

በአንዱ ፕሮግራም ሠርቶ በሌላው እምቢ ማለት፦ ፎንቱም ዘዴውም ደህና ናቸው፤ የጎደለው ግንኙነቱ ነው። በኤክስ ላይ በሚሠራ ዴስክቶፕ ለጂቲኬ፣ ለኪውቲና ለኤክስ የሚሰጡት ሦስት የአካባቢ ተለዋዋጮች አይበስን ማመልከታቸው ይፈተሻል። በዌይላንድ ላይ በሚሠራው ፕላዝማ ዴስክቶፕ ግን ማዕቀፉ የሚመረጠው በቅንብሮች ውስጥ «ቨርችዋል ኪቦርድ» በሚለው ገጽ ነው።

የቆዩ ሰነዶች

በቀድሞዎቹ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ በሊኑክስ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሊታዩበት ይችላል። እዚህ ላይ የዩኒኮድ ፎንት መጫን አይረዳም፤ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ኮድ የላቲን ነውና። ሰነዱን ለማንበብ የተጻፈበት ፎንት ራሱ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ቃል እንዲፈለግና ያለዚያ ፎንት እንዲነበብ ደግሞ በመለወጫ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ መዛወር አለበት። የዚያ ፎንት ቅጂና አመዳደቡ ከጠፉ ጽሑፉን መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ዝውውሩ ፎንቱ በእጅ እያለ ቢደረግ ይመረጣል።